የጠበበ የአንጎል ደም ቅዳ እና የስትሮክ አደጋ

የሰው አንጎል ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ፣ ከመላው ሰውነት ጋር ሲመዛዘን ከመቶው ሁለት እጅ ያህል ብቻ የሆነ ክፍል ነው። ዳሩ ግን ልብ ከሚረጨው ደም ከመቶው 15 እጅ ያህሉን፣ ሰውነትም በዕረፍት ጊዜ ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን ከመቶው 20 እጁን የሚወስደው እርሱ ነው። በልክ ሲነገር፣ በጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥ በየደቂቃው ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ደም ያልፋል። በንግድ ቋንቋ ቢገለጽ አንጎል ታላቅ ደንበኛ ነው፤ ይሁን እንጂ መጋዘን የሌለው ደንበኛ ነው። ጉበት ስኳርን ያከማቻል፤ ሌላውም የሰውነት ክፍል ስብን ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። አንጎል ግን ለሚቀጥለው ደቂቃ የሚያቈየው ኦክሲጅን የለውም። የደሙ ፍሰት ፈጽሞ ቢቋረጥ ሰው በ10 ሰከንድ ያህል ውስጥ ራሱን ይስታል፤ መቋረጡ ለጥቂት ደቂቃዎች ከቀጠለም የአንጎል ሕዋሶች መሞት ይጀምራሉ።

ስትሮክ የሚባለው በሽታ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የአንጎል ደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ደም ቅዳው ተዘግቶ ወይም እጅግ ጠቦ የአንጎሉ አንድ ክፍል ደም ሲያጣ ነው። በየሰፈሩ አንድ ሰው በድንገት ሲወድቅ «ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰበት» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ በዓለም በጠቅላላው የሚበዛው የሁለተኛው ዐይነት ነው። ከዚህ በታች የሚነገረውም ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው፣ በተለይም መንገዱ ሳይዘጋ ገና በመጥበብ ላይ ሳለ ስለሚሆነው ነገር ነው። ነገሩ በሱቅና በቢሮ ተቀምጦ ለሚውል፣ ዕድሜው ከአርባ ላለፈ፣ ደም ብዛት ወይም የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ሁሉ የቅርብ ጉዳይ ነው።

ወደ አንጎል የሚወጡት ደም ቅዳዎች አራት ናቸው። ሁለቱ በአንገት ፊት ግራና ቀኝ የሚገኙት፣ ጣት ሲያርፍባቸው ሲመቱ የሚታወቁት ናቸው። ሁለቱ በበኩላቸው በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ አልፈው ከኋላ በኩል ይወጡና ራስ ቅል ውስጥ ሲገቡ አንድ ይሆናሉ። የፊቶቹና የኋላዎቹም ከአንጎል ሥር ቀለበት በሚመስል ክብ ይገናኛሉ። ይህን ክብ በሚገባ የገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው በ1664 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ለመጽሐፉ ሥዕል ከሣሉት አንዱ በኋላ ዘመን በለንደን የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል ንድፍ ያወጣው ክሪስቶፈር ሬን ነበር።

የቀለበቱ ጥቅም ለአስመጪና ላኪ ረዥም ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ለኢትዮጵያ ንግድ ተዘጋ፤ ዕቃውም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ይህ ሊሆን የቻለው የጅቡቲ መንገድ ቀድሞውኑ ስለ ነበረ ነው። አንጎልም አንዱ ደም ቅዳ ሲጠብበት ከሌላው ወገን በቀለበቱ በኩል ደም ያዞራል። ልዩነቱ ቀለበቱ በሰው ሁሉ ላይ ምሉዕ አለመሆኑ ነው፤ ከግማሽ በሚበልጠው ሰው ላይ ከቀለበቱ አንዱ ወይም ሌላው ክፍል ቀጭን ሆኖ፣ ወይም ጭራሹን ሳይኖር ይገኛል። ስለዚህ የሁለት ሰዎች ደም ቅዳ እኩል ቢጠብም አንደኛው ምንም ሳይሰማው ሲኖር ሁለተኛው ሽባ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች አሉ። ይኸው ዊሊስ የአንድ ሟች አስከሬን ሲመረምር አንዱን የአንገት ደም ቅዳ ጠንክሮ ፈጽሞ ተደፍኖ አገኘው። ሰውዬው የሞተው ግን በሌላ በሽታ ነበር፤ በሕይወት ሳለ የሽባነት ምልክት አልታየበትም። ዊሊስ በዚያው ወገን የሚወጣውን የኋላ ደም ቅዳ ቢመለከት ከልኩ እጅግ ሰፍቶ አየው፤ የተዘጋውን መንገድ ሥራ ሲሠራ የኖረው እርሱ ነበር።

ሁለተኛው የቭላዲሚር ሌኒን ነገር ነው። የሌኒን ስም ለነጋዴ ጆሮ የሚጥም ባይሆንም የአስከሬኑ ምርመራ ግን ለሁሉም ትምህርት ይሆናል። ሌኒን በሜይ 1922 የመጀመሪያው ስትሮክ መታው፤ በዲሴምበር ሁለተኛው ተከተለ፤ በማርች 1923 ሦስተኛው ንግግሩን አሳጣው፤ ጃኑዋሪ 21 ቀን 1924 በ53 ዓመት ዕድሜው ሞተ። ሐኪሞች አንጎሉን ሲከፍቱ የግራው ታላቅ ደም ቅዳ ራስ ቅል ውስጥ ተዘግቶ፣ ሌሎቹም በኖራ ጠንክረው እጅግ ጠበው ተገኙ፤ በወረንጦ ሲነኩአቸው እንደ ድንጋይ ድምፅ ሰጡ ተብሎ ተጽፏል። ሰውዬው ትምባሆ የማያጨስ ነበር። አባቱ ግን የሞቱት በ54 ዓመታቸው ነው፤ ስለዚህ በሽታው በዘር ሳይወርድለት አልቀረም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እዚህ ላይ የሚያስደንቀው መሞቱ ሳይሆን፣ እንዲህ ያሉ ደም ቅዳዎች ይዞ እስከ 1922 ድረስ ያን የመሰለ ከባድ ሥራ መሥራቱ ነው። እንደዚያ ያለ መጥበብ በአንድ ዓመት የሚመጣ አይደለምና።

ደም ቅዳ የሚጠበው ግድግዳው ውስጥ ስብና ኖራ ቀስ በቀስ እየተጋገረ ሲሄድ ነው። ደም ብዛት፣ የስኳር በሽታ፣ የኮሌስትሮል መብዛት፣ ትምባሆና ዕድሜ ይህን ያፋጥኑታል። በአውሮፓውያን ዘንድ መጥበቡ የሚበዛው በአንገት ላይ ሲሆን፣ በእስያ ሕዝቦችና በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ግን ራስ ቅል ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ላይ መሆኑ ጎልቶ ይታያል።

አሁን ወደ ፍሰቱ ሒሳብ መግባት ይገባል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፑዋዜይ በ1840ዎቹ ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ መርምሮ አንድ ሕግ አገኘ። በሕጉ መሠረት ግፊቱና የቱቦው ርዝመት ሳይለወጥ የቱቦው ስፋት በግማሽ ቢቀነስ፣ የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ አይቀነስም፤ ወደ 16ኛ እጁ ይወርዳል። ምክንያቱም ፍሰቱ የሚለካው ስፋቱ በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ወለድ በወለድ ላይ ሲቈጠር ዕዳ እንዴት እንደሚያብጥ የሚያውቅ ነጋዴ የዚህን ሒሳብ ጠባይ ቶሎ ይረዳዋል፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ የሚመስለው ነገር ከአንድ ደረጃ በኋላ በድንገት ይከብዳል።

ይሁን እንጂ የሰው ደም ቅዳ እንደ ብረት ቱቦ አይደለም። የጠበበው ቦታ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ከእርሱ በታች ያሉት ቀጫጭን ሥሮችም እንደ አስፈላጊነቱ ይሰፋሉ። በዚህ ምክንያት የደም ቅዳው ስፋት ከመቶው 50 እጅ ቢጠብም ወደ አንጎሉ የሚደርሰው ደም ያልቀነሰ ሆኖ ሊቈይ ይችላል። ከመቶው 60 እና 70 እጅ ሲያልፍ ነው ጉድለቱ መታየት የሚጀምረው። ከዚያም ወዲያ እያንዳንዷ ጥቂት መጥበብ ብዙ ታጐድላለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በጠበበው ቦታ ውስጥ ደሙ የሚያልፈው ቀስ ብሎ ሳይሆን ፈጥኖ ነው። ያው መጠን በጠባብ በር እንዲያልፍ ከተገደደ መሮጥ አለበትና። ኖርዌጂያዊው ሊቅ ሩኔ ኦስሊድ በ1982 በራስ ቅል አጥንት ላይ የድምፅ ሞገድ በመላክ የአንጎልን ደም ፍጥነት መለካት እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ሐኪሞች በዚህ መሣሪያ መጥበብን ይፈልጋሉ። በአንጎል መካከለኛ ደም ቅዳ ውስጥ ደም በጤና ጊዜ በአማካይ በሰከንድ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፍጥነቱ ከ100 ሲያልፍ ሐኪሙ ሥሩ ጠቧል ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ የምርመራ ወረቀት ላይ «ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው» የሚል ቃል ያነበበ ሰው ደሙ ተትረፍርፏል ብሎ ደስ ሊለው አይገባም። ደም ቅዳው ሊዘጋ ሲቃረብ ግን ፍጥነቱ ራሱ ተመልሶ ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ ቁጥሩ የጤነኛ ሰው ቁጥር ሊመስል ስለሚችል ሐኪሙ በዚህ ብቻ አይፈርድም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የተጠባባቂው ነገር ነው። አንድ ነጋዴ ገቢው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄዶ የሠራተኛውን ደመወዝና የሱቁን ኪራይ ግን ሳያጓድል ይከፍላል እንደ ማለት ነው፤ ጉድለቱን የሚሞላው ከተጠባባቂ ገንዘቡ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሱቁ ያው ሱቅ ነው። መዝገቡን የሚያይ ብቻ ነው ተጠባባቂው ማለቁን የሚያውቅ። አንጎልም እንዲሁ ሁለት ተጠባባቂዎች አሉት።

የመጀመሪያው ቀጫጭኖቹ ሥሮች መስፋት መቻላቸው ነው። በጤነኛ ሰው ላይ አማካዩ የደም ግፊት ከ60 እስከ 150 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ድረስ ቢወጣና ቢወርድ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም አይለዋወጥም፤ ይህን በ1959 ሰብስቦ ያሳየው ዴንማርካዊው ኒልስ ላሰን ነው። ግፊቱ ሲወርድ ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ሲወጣም ይጠብባሉ። ከጠበበ ደም ቅዳ በታች ያሉት ሥሮች ግን ጉድለቱን ለመሙላት ቀድመው ስለ ሰፉ፣ ሌላ ችግር ሲመጣ ከዚያ ወዲያ የሚሰፉበት ቦታ የላቸውም።

ሁለተኛው ተጠባባቂ ከሚያልፈው ደም ብዙ ኦክሲጅን መውሰድ ነው። በደኅና ጊዜ አንጎል በደሙ ውስጥ ካለው ኦክሲጅን የሚወስደው ሲሶውን ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጠውን ነው፤ ደሙ ሲያንሰው ይህን ወደ እጥፍ ያህል ሊያደርሰው ይችላል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው በዕለት ሥራው ላይ ምንም ላይሰማው ይችላል። ገበያ ይወጣል፤ ይከራከራል፤ ሒሳብ ይደምራል። አንጎሉ ግን የሚኖረው በመጨረሻው ሣንቲም ነው፤ ከዚህ ወዲያ ወደዚያ ክፍል የሚደርሰው ደም የሚወሰነው በደም ግፊቱ ብቻ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ደሙ አብሮ ይወርዳል።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። መቶ ግራም የአንጎል ሥጋ በደቂቃ 50 ሚሊሊትር ያህል ደም ያገኛል። ይህ ወደ 20 ሲወርድ የአንጎሉ ክፍል ሥራውን ያቆማል፤ እጅ ይዝላል፤ ንግግር ይያዛል። ነገር ግን ሕዋሱ ገና አልሞተም። ወደ 10 ሲወርድ ይሞታል። በ20 እና በ10 መካከል ያለው ክፍል በጉምሩክ እንደ ታሰረ የሚበላሽ ዕቃ ነው፤ ፈጥኖ ከወጣ ይድናል፤ ከዘገየ ይበሰብሳል።

ተጠባባቂው ባለቀበት አንጎል ላይ ጉዳቱን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ብርቱ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ወይም በሞቃት ቈላ ሲጓዝ ውሎ ውኃ ሳይጠጣ ይቀራል፤ ወይም ከተኛበት በድንገት ይነሣል፤ ወይም ደግሞ ራሱን ስላመመው «ደም ብዛቴ ተነሥቷል» ብሎ በራሱ ፈቃድ የሁለት ቀኑን ክኒን በአንድ ጊዜ ይውጣል። በጤነኛ ሰው ላይ ማዞር ብቻ የሚያመጣው የግፊት መውረድ በእርሱ ላይ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ከጠበበው ቦታ ላይ ጥቃቅን የረጋ ደም እየተቈረሰ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ፍሰቱ ብርቱ ቢሆን ጠርጎ የሚያሳልፈውን ይህን ፍርፋሪ ደካማ ፍሰት ባለበት ይተወዋል። ሁለቱ ምክንያቶች እንደዚህ ይረዳዳሉ።

ደግነቱ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይኖራል። ለምሳሌ አንድ የመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ይታሰብ። ጠዋት ጣቃ ሲያወርድ ቀኝ እጁ ይዝላል፤ ጨርቁ ከእጁ ይወድቃል፤ ሊናገር ሲል ምላሱ ይተሳሰራል። ጸሐፊው ሮጦ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ይለዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ እጁም ምላሱም ይመለሳሉ። «ምንም አይደለም፤ ብርድ መትቶኝ ነው» ይልና ትኩስ ሻይ ጠጥቶ ሥራውን ይቀጥላል። ማታ ለቤተ ሰቡም አይናገርም። ይህ ብርድ አይደለም። ሐኪሞች ጊዜያዊ የአንጎል ደም እጥረት የሚሉት ነው፤ ፊት ወደ አንድ ወገን መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ የንግግር መሳሳት፣ እንደ መጋረጃ ወርዶ አንድ ዐይንን የሚጋርድ ጨለማ፣ ሲነሡ የሚመጣ የአንድ እጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ ምልክቶቹ ናቸው። በካሊፎርኒያ ተደርጎ በ2000 በታተመ ጥናት ይህን ካዩት ሰዎች ከመቶው 10 የሚሆኑት በ90 ቀን ውስጥ ሙሉ ስትሮክ መታቸው፤ ከእነዚህም እኩሌቶቹ የተመቱት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ውስጥ ነበር። ስለዚህ በሽተኛው ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለበት «ነገ ከባንክ መልስ» ሳይሆን በዚያው ሰዓት ነው። ምልክቱ ማለፉ መዳንን አያሳይም፤ ተጠባባቂው ለጊዜው መድረሱን ብቻ ነው የሚያሳይ።

ስለ ደም ግፊት የሚነሣው ክርክር ከባድ ነው። ፍሰቱ የሚደገፈው በግፊት ከሆነ፣ ጠባብ ደም ቅዳ ያለበት ሰው የደም ብዛት መድኃኒቱን ቢተው ይሻለዋል? አንዳንድ ሰዎች ይህን ሰምተው ክኒናቸውን ጥለዋል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። ራስ ቅል ውስጥ ደም ቅዳቸው የጠበበባቸው ሕሙማን ተመርምረው በ2007 በታተመው ውጤት፣ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለው ሕሙማን ስትሮክ የበዛባቸው ሆነው ተገኝተዋል። የመጥበቡ አባት ራሱ ደም ብዛት ነውና፤ ዕዳውን የፈጠረውን አበዳሪ እንደ ረዳት መቍጠር አይገባም።

ዳሩ ግን ሁሉም ሕመምተኛ አንድ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የኋላ ደም ቅዳቸው የጠበበባቸው 72 ሕሙማን በማግኔት ፎቶግራፍ የሚያልፈው ደም መጠን ተለክቶ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ተከታትለዋቸዋል፤ ውጤቱም በ2016 ታትሟል። ፍሰታቸው ካልቀነሰው ሕሙማን በአንደኛው ዓመት ከመቶው 96ቱ ያለ ስትሮክ ሲቈዩ፣ ፍሰታቸው ከቀነሰው ግን ከመቶው 78ቱ ብቻ ናቸው ያለ ስትሮክ የቈዩት። ከዚህ የሚታየው፣ ሥሩ ምን ያህል ጠበበ ከማለት ይልቅ ምን ያህል ደም ይደርሳል ብሎ መጠየቅ የተሻለ መሆኑን ነው። የእነዚሁ ሕሙማን ነገር በ2018 እንደገና ሲመረመር፣ ፍሰታቸው ከቀነሰው መካከል ግፊታቸው ከ140 በ90 በታች እንዲሆን በጥብቅ የተያዙት የባሰ አደጋ አገኛቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ስለ ሆነ በዚህ ላይ ሕግ አይቆምም፤ ሐኪሙ ግን ለእንዲህ ያለው ሰው ግፊቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንታት ቀስ እያለ እንዲያወርድለት ይመክራል። ለብዙ ዓመት በከፍተኛ ግፊት የኖረ አንጎል የለመደውን ልክ በአንድ ሌሊት ሊተው አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ለባለሱቅ ግልጽ ነው። ክኒኑ በየቀኑ በሰዓቱ ይዋጣል፤ ደኅና ነኝ ብሎ አይተውም፤ ራስ አመመኝ ብሎም አይደረብም። ጾመኛ የሆነ ሰው ውኃ የማይጠጣባቸው ሰዓቶች ረዥም ሲሆኑ፣ በተለይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ክኒኑን በየትኛው ሰዓት እንደሚውጥ ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ። ትምባሆ ይቅር። ጫትም የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚመከር አይደለም። ግፊቱን በተለካ ቍጥር ቀኑንና ቁጥሩን በትንሽ ደብተር ይመዝግብ፤ ነጋዴ ለዱቤ ያለውን ጥንቃቄ ለዚህ ቢሰጠው ሐኪሙ ታላቅ እርዳታ ያገኛል።

ጠባቡን መንገድ ለምን አይከፍቱትም የሚል ጥያቄ ይነሣል። በአንገት ላይ ከሆነ ይከፈታል፤ በ1991 የታተመው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ምልክት ባሳዩና ደም ቅዳቸው ከመቶው 70 እጅና ከዚያ በላይ በጠበበባቸው ሰዎች ላይ ቀዶ ሕክምናው በሁለት ዓመት ውስጥ የሚደርሰውን የዚያን ወገን ስትሮክ ከመቶው 26 ወደ 9 እንደሚያወርድ አስረድቷል። ራስ ቅል ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዙሪክ ያሳርጊል በ1967 ከራስ ቆዳ ደም ቅዳ ወደ አንጎል ደም ቅዳ ማገናኘትን ጀመረ፤ አሳቡ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን በ1,377 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ በ1985 ውጤቱ ሲወጣ ስትሮክን የማያስቀር ሆኖ ተገኘ። በ2011 ደግሞ የሽቦ ቱቦ አስገብቶ ጠባቡን ማስፋት ከብርቱ የመድኃኒት ሕክምና ጋር ተወዳደረ። በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ ወይም ሞት የደረሰባቸው ቱቦ ከገባላቸው ከመቶው 14.7፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ከመቶው 5.8 ሆኑ፤ ስለዚህ አዲስ ሕሙማን ማስገባቱ ቆመ። ያሸነፈው መድኃኒት ምን ነበር ቢባል አስፒሪንና አጋሩ፣ ኮሌስትሮል ቀናሹ፣ የደም ግፊት ቁጥጥሩና የአካል እንቅስቃሴው ነው። ወደ ውጭ አገር ሄዶ «ሥሬን አስፍቼ እመጣለሁ» የሚል ባለገንዘብ ይህን ቁጥር ከቲኬቱ በፊት ቢያነበው ይጠቅመዋል።

ስትሮኩ ከደረሰ ግን ሌላ ወሬ የለም፤ ሆስፒታል መሄድ ብቻ ነው። በመዘጋት የመጣ ስትሮክ ሲሆን የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በተለመደው ሕግ ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ በማይገኝበት ቦታም ቢሆን የሲቲ ስካን ፎቶ ዝግታን ከመፍሰስ ይለያል፤ ያለ እርሱ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ፎቶ ሳይነሣ አስፒሪን በቤት ውስጥ መስጠት አይገባም፤ ነገሩ ደም መፍሰስ ሆኖ ቢገኝ ያባብሰዋል። በአፉ ውኃም ምግብም አይስጡት፤ መዋጥ ያቃተው ሰው ወደ ሳንባው ሊያስገባው ይችላል። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው አብረው ይሂዱ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ሰውዬው ደኅና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በስንት ሰዓት ነው የሚል ነው፤ የ4 ሰዓት ተኩሉ ሒሳብ የሚነሣው ከዚያ ነውና። ከእንቅልፉ ሲነቃ ሽባ ሆኖ ከተገኘ ሰዓቱ የሚቈጠረው ከተነሣበት ሳይሆን ደኅና ሆኖ ከተኛበት ነው። አብሮት የነበረው ጸሐፊ ወይም ዘመድ ይህን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ ሲጽፍም በኢትዮጵያ ሰዓት ወይም በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን፣ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን ለይቶ ያስታውቅ፤ በሁለቱ አቈጣጠር መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ብቻውን ከ4 ሰዓት ተኩል ይበልጣል።